ዳኛው የዘለሉት ገጽ

እ.ኤ.አ. 1934 ነበር። በአሜሪካዋ ነብራስካ ከግንቦት ወዲህ ዝናብ ጠብ አላለም፤ በቆሎው ሳያፈራ ደረቀ።

ጉስታፍ ሊንድ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ልጓም ይጠግናል። ልጁ ኤልና እንደ ወትሮው ጋዜጣውን ጮክ ብላ ታነብለታለች። መነጽሩ በደረት ኪሱ ነው፤ አቧራ እንዳይቧጭረው ብሎ አያወጣውም።

«የቨርን ይግባኝ ዛሬም አልተወሰነም፣ አባባ።»

ጉስታፍ የልጓሙን ቆዳ መስፋቱን ቀጠለ።

ቨርን ሆሉብ የእርሻ ቅጥር ሠራተኛ ነበር። አሠሪውን በመንሽ ወግቶ ገደለ። «ጠመንጃ ደግኖብኝ ነው» ቢልም እንዲፈርዱ ከሕዝቡ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት ጥፋተኛ አሉት፤ ሃያ ዓመት ተፈረደበት። የጁሪው ሰብሳቢ ጉስታፍ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጣቸው መረጡት።

ይግባኙ የተንጠለጠለው በአንድ ገጽ ላይ ነው። ዳኛው ለጁሪው መመሪያ ሲያነቡ ዘለሉት። ገጹ «ራሱን ሲከላከል ይሆን ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ልቀቁት» ይላል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የቨርን እናት ማሪ እጁን ያዘችው።

«ጉስታፍ፣ እውነቱን ንገረኝ። ያንን ብትሰማ ኖሮ ትፈርድበት ነበር?»

«አልፈርድበትም።»

«እንግዲያው ልጄን የቀበሩብኝ እኚያ ዳኛ ናቸው!»

አብሮት በጁሪው የተቀመጠው ክላይድ ከኋላ ሣቀ። «እንደ ፌንጣ ነው የሚዘሉት! አንተ ትሻላለህ፣ ጉስታፍ። ልንመክር ክፍላችን ገብተን የመመሪያውን ወረቀት ስታነብልን ያለ መነጽር፣ እንደ ሰባኪ ነበር። ከዳኛው ቃል አንዲት አላጓደልክም፣ አንዲት አልጨመርክም!»

ጉስታፍ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ጋሪው ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ውሳኔው በጋዜጣ ወጣ። ኤልና አነበበችው።

«ይግባኙ ውድቅ ሆኗል። ዳኛው ገጹን መዝለላቸው እውነት ነው ይላል። ግን የተጻፈው መመሪያ ሳይጎድል ለጁሪው ተሰጥቷል፤ ስለዚህ ጁሪው አንብቦታል ተብሎ ይገመታል።» ጋዜጣውን አጠፈችው። «ከዚህ በላይ የሚያንኳኩት በር የለም፣ አባባ።»

ጉስታፍ ልጓሙን አስቀመጠ። እራት አልበላም።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፣ ፈረሶቹን ጠምዶ ወደ ከተማ ወረደ። የቨርንን ጠበቃ ሚስተር ፕራትን ወረቀቱን ሁሉ በሣጥን ሲከት አገኘው።

«ዘገዩ፣ ሚስተር ሊንድ። አለቀ እኮ።»

«ዳኛውን ተዋቸው» አለ ጉስታፍ።

«እንዴት ልተዋቸው? የዘለሉት እሳቸው!»

«ያ ገጽ እጄ ላይ ነበር።»

ጠበቃው ቀና አለ። «አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለሰዎቹ ለምን አላነበቡላቸውም?»

ጉስታፍ ባርኔጣውን አወለቀ። «ፊደል አልቆጠርኩም።»