የዳኛው የወይራ ዘይት

ዳኛው ጡረታ ሲወጣ ችሎቱን ወደ ኩሽና አዛወረው። የሚፈርድበት ሰው ቢያጣ በዘይት ላይ መፍረድ ጀመረ።

ቀልድ አይደለም። አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ለመግዛት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ የሚሸጠውን ገና ከሩቁ ያሰናብተዋል፤ ብርሃን የመታው ዘይት ለሱ ዘይት አይደለም። ጥቁሩን ጠርሙስ ያነሳና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚበላሽ ሳይሆን ወይራው መቼ እንደተለቀመ የተጻፈበትን ይፈልጋል። ባለሱቁ ገና ሲያየው "መጡ ደግሞ!" ይላል በሆዱ።

ቤት ሲገባ በማንኪያ ጠብ አድርጎ ያሸታል፣ ከዚያ ፉት ይላል።

"አዲስ የታጨደ ሣር መሽተት አለበት" ይላታል ሚስቱን። "ሲውጡት ደግሞ ጉሮሮ ካልለበለበ ውሸታም ዘይት ነው።"

"እሺ" ትላለች ሚስቱ። በዕድሜ ብዙ ታንሰዋለች፤ እሺ ያላለችበት ቀን ትዝ አይለውም።

"መጥበሻ ላይ እንዳታደርጊው! ለጥብስ የጀሪካኑ አለልሽ። ይሄ የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ምግቡ ከወጣ በኋላ፣ ጠብ ጠብ እያደረግሽ።"

"እሺ። መጨረሻ ላይ፣ ጠብ ጠብ።"

ሰዉ ዳኛውን ይወደዋል፤ መንገድ ላይ ባርኔጣውን እያነሳ ሰላም የማይለው የለም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ዓይነት ነው።

ነገር የመጣው ከሚስቱ እናት ጋር ነው። አንዲት የእጅ ቦርሳ አንጠልጥለው "ሰንበት ብዬ ልሂድ" ብለው መጡ። የዳኛው እኩያ ቢሆኑም እሱ "እማማ" ይላቸዋል። ድንች መጥበስ ይወዳሉ፤ ሲጠብሱ ደግሞ እጃቸው ዘይት አይሰስትም። እሳቸው ከመጡ ወዲህ የጥቁሩ ጠርሙስ ዘይት መጉደል ጀመረ።

ዳኛው ጠርሙሱን በመስኮት ብርሃን አይቶ ወረቀቱ ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ የሚጠጣውን ማንኪያ እንኳ ቀንሶ አስልቷል። ቢሆንም ይጎድላል።

"እማማ፣ ይሄ ድንች በምንድን ነው የተጠበሰው?"

"በዘይት ነዋ! በውሃ ይጠበሳል እንዴ?"

"በየትኛው ዘይት?"

"በጀሪካኑ። የእርስዎን ሽቶ ነክቼ ከሆነ እጄን ይቁረጠው!"

ዳኛው በሥራ ዘመኑ ስንቱ ሲምል ሰምቷል። ጠርሙሱን "ሙቀት ያበላሸዋል" በሚል ሰበብ ከምድጃው አጠገብ አንስቶ ሳሎን ካለው ብፌ ውስጥ ከሳህኖቹ ኋላ ደበቀው። ከሳምንት በኋላ ሲያየው መጉደሉ ጭራሽ ብሶበታል።

በዘይቱ ራሱ ግን ቅሬታ የለውም። ማንኪያዋን ከጀመረ ወዲህ የከሰዓት እንቅልፉ ተስተካክሎለታል። ድሮ ድመት ብትዘል፣ የመኝታ ቤቱ አሮጌ ቁምሳጥን በር ሲጢጥ ቢል፣ ከተኛበት ብንን ብሎ "ማነው? ምን ፈለግሽ? ወዴት ነው?" ማለት ነበር። ሚስቱ አንድ ቀን "ለቁምሳጥኑ አናጺ ልጥራ?" ብትለው "ተዪው፣ ዘበኛዬ ነው" ብሎ ከልክሏታል። አሁን ግን ራሱን ትራሱ ላይ ካሳረፈ እስከ ማታ የለም።

"ይኸውልሽ የዘይቱ ሥራ!" ይላታል።

"እውነትህን ነው" ትላለች።

እሁድ ምሳ ላይ ፍርድ ተሰጠ።

"ዘይት በራሱ እግር አውጥቶ አይሄድም" አለ ዳኛው ጠርሙሱን ጠረጴዛው መሃል አቁሞ። "እማማ ነገ ወደ ሌላው ልጃቸው ቤት ይሄዳሉ።"

"ለዘይት ብለህ እናቴን ታስወጣለህ?" አለች ሚስቱ።

"ለዘይት አይደለም፣ ለእውነት ነው። ሌባ ካለበት ቤት አልኖርም። ወይ እሳቸው ወይ እኔ!"

"እሷ ከሄደች እኔ ማን አለኝ?"

"እኔ አለሁልሽ።"

ሚስቱ ትክ ብላ አየችው። ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቷል።

"እሺ" አለች።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አሉ እናቲቱ፣ ድንቻቸውን መብላት ሳያቋርጡ። አለመደንገጣቸው ለዳኛው ሌላ ማስረጃ ሆነለት።

በማግስቱ ታክሲ መጣ። አንዲት ቦርሳ ይዘው የመጡት ሴትዮ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሲያስጭኑ ዳኛው በመስኮት አየ።

"ወይ ጉድ! ለካ ዘይቱ ብቻ አይደለም!" አለ ለራሱ። ወርዶ ሊያስፈትሽ አሰበና ተወው። ብቻ ይሂዱለት እንጂ የፈለጉትን ይውሰዱ።

"አውቶቡስ ተራ ድረስ ልሸኛት" አለች ሚስቱ። "ሻንጣው ይከብዳታል።"

"ሂጂ። ለምሳ ድረሺ።"

"ሰላጣው ተሠርቷል። ዘይቱን መጨረሻ ላይ አንተ ጨምርበት።"

ትምህርቱ መግባቱ ደስ አለው።

የምሳ ሰዓት አለፈ። መንገድ ተዘጋግቶባት ይሆናል ብሎ ሰላጣውን ብቻውን በላ። ጠርሙሱን ሲያይ ዘይቱ ጠዋት ምልክት ካደረገበት ንቅንቅ አላለም፤ እሱ ራሱ ከጨመራት ጠብታ በስተቀር። ሌባዋ ሄዳ ዘይቱ ቆመ! ይግባኝ የሌለው ፍርድ እንዲህ ነው። በልቡ ራሱን አመሰገነና ሊጋደም ወደ መኝታ ቤት ገባ።

በረድ ስላለው ብርድ ልብስ ሊያወጣ ቁምሳጥኑን ከፈተ።

በእሱ በኩል ኮቶቹ እንደተሰለፉ ናቸው። በሚስቱ በኩል ባዶ የልብስ መስቀያዎች ተንጠልጥለዋል።

በሩን ዘጋው። እንደገና ከፈተው። ድምፅ የለውም። ዘጋው፣ ከፈተው። ምንም።

ጎንበስ ብሎ የበሩን ማጠፊያ አየ። አረንጓዴ ቢጫ ነገር ያብረቀርቃል። በጣቱ ጠረገና አሸተተው፤ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል። ከዚያ እንደ ልማዱ ምላሱ ላይ ጠብ አደረገው።

ጉሮሮውን ለበለበው።