የመምህሩ ታኬታ

መምህሩ ኳሷን ይዞ ሊዞር ሲል ቀኝ እግሩ ዝናብ ያራሰው መሬት ውስጥ ተተክሎ ቀረ፤ ሰውነቱ ግን ዞረ። ጉልበቱ ቀጭ ሲል ተመልካቹ ሁሉ ሰማ። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ልብስ ሰፊውም ፖሊሱም በባዶ እግሩ ሲጫወት፣ ባለታኬታ ጫማ የነበረው ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው እሱ ብቻ ነበር።

ወጌሻዋ እትዬ ሞሚና ከጫት ተራ ተጠርተው መጡ። "ቢስሚላሂ" ብለው ጉልበቱን በቅቤ ካሹለት በኋላ ጫማውን አንስተው ገለበጡት። ከሥሩ ያሉትን ጉጦች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

"ሃያ ዓመት ስጠግን ኳስ ተጫውቶ ጉልበቱ የዞረበት ሰው መጥቶልኝ አያውቅም" አሉ። "እነዚህ በባዶ እግር የሚጫወቱት ጭቃው ሲያንሸራትታቸው ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ። አንተ ግን እግርህን መሬት ላይ ቸንክረህ ወገብህን ታዞራለህ። ጉልበት ምን ያድርግ?"

"አዲስ አበባ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው" አለ መምህሩ ጥርሱን ነክሶ።

"እንግዲያው የዚያ አገር ወጌሻ ሀብታም መሆን አለበት።"

ሰዉ ሳቀ። መምህሩም እያቃሰተ ሳቀና "ዳግመኛ እዚህ ጫማ ውስጥ እግሬን አላስገባም፤ የፈለገ ይውሰደው" አለ።

ሳቁ ቆመ። ልብስ ሰፊው የእግሩን ጭቃ በሣር ጠርጎ ከጫማው ጎን አስጠጋና ለካ። ፖሊሱ ገፋ አድርጎት የራሱን ለካ። በረኛው ጎሉን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሌሎቹም ከኋላው ተሰለፉ።

እትዬ ሞሚና ሰልፉን እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ የቅቤውን ቅል ሊከድኑበት ያነሱትን ክዳን መልሰው መሬት ላይ አኖሩት።