አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ

ብሮኒ የሞተር ብስክሌቱን የፊት ፍሬን ጨምቃ ጋዝ ስትሰጠው የኋላው ጎማ ውሃ በተረጨው አስፋልት ላይ ባለበት ይሽከረከር ጀመር። ጭሱ ተነሥቶ ሜሪንን ሸፈናት። ሜሪን ንቅንቅ አላለችም። ጎማ ሲሞቅ የሚወጣውን ጭስ ሃያ ሁለት ዓመት ስትምገው ኖራለች። ያኔ ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው አባቷ ዴስ ነበር፤ እሷ ጎማ ትነፋለች፣ ሰንሰለት ትቀባለች፣ አባቷን መነሻው ላይ አስተካክላ ታቆማለች።

ዘንድሮ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ዴስ ሞተሩን ለሴቶቹ ለቀቀ፤ ለሜሪንና ለወንድሟ ሚስት ለብሮኒ። ሜሪን ይህን ቀን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። ብሮኒ ግን «እኔም ልሞክር እንዴ?» ያለችው ባለፈው ገና፣ ምሳ ላይ፣ ለቀልድ ነው።

ቀልደኛዋ በሦስተኛው ቅዳሜ ሞተሩን ገራችው። ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከሚልዱራ ወዲያ፣ ስንዴው ታጭዶ ባለቀበት ሜዳ መሐል በተዘረጋችው አራት መቶ ሜትር የሞተር መሮጫ ላይ፣ ፍሪሲዮኑን እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ደረቷን ቤንዚን መያዣው ሰልባትዮ ላይ ትለጥፍና እግሮቿን ሰብስባ ትፈተለካለች። ሜሪን አንዴ ቶሎ ትለቅና የፊቱ ጎማ ሰማይ ያያል፤ አንዴ ትዘገይና ሞተሩ ታንቆ ይጠፋባታል። ዛሬ ጠዋት ብቻ ሁለቴ ጠፍቶባታል። በሁለተኛው ላይ ዴስ በኮፍያው ዝንብ እያባረረ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስታይ እንደኖረች ጠየቃት። በክፋት አልነበረም። ቀጥሎ ብሮኒ ስትወጣ ግን ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ «አረንጓዴውን መብራት የጠበቀ ተበልቷል። የመጨረሻው ቢጫ ሲበራ ልቀቂው። አንቺማ ልጄ፣ ታውቂበታለሽ» አላት።

ልጄ። ሜሪንን ሲጠራት በስሟ ነው።

ጭሱ ሲገለጥ ብሮኒ ወደ መነሻው ተጠጋች። ሜሪን ከፊቷ ወደ ኋላ እየተራመደች በእጇ ትመራታለች። መሮጫው መሐል የስንት ዓመት ጎማ ቀልጦ የተለሰነበት ጥቁር መስመር አለ፤ ጎማ የሚነክሰው እሱ ላይ ነው። ከእሱ ውጪ ያለው አቧራ ነው። ሞተሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከጎማው ሥር ያለውን አያይም። የሚያየው ከፊቱ ያለችውን እጅ ነው።

ሜሪን እጇን ወደ ቀኝ አወዛወዘች። ብሮኒ ወደ ቀኝ መጣች፣ ጥቁሩ ላይ ደረሰች። ያኔ የሜሪን እጅ መቆም ነበረበት። አልቆመም፤ አንድ ስንዝር ጨመረ። ብሮኒ ስንዝሯን ተከትላ መጣች፣ ከሄልሜቷ ውስጥም በዓይኗ ሳቀችላት። ሜሪን አውራ ጣቷን አንሥታላት ዞር አለች።

ያሰበችው ትንሽ ትንሸራተት፣ አንዴ እንኳ እንደ እኔ ትፈር ብላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰበችም።

የመጨረሻው ቢጫ በራ። ብሮኒ ለቀቀችው። የኋላው ጎማ የሚነክሰው አጥቶ ወደ ጎን ተወረወረና ሞተሩ ጎኑን ሰጥቶ መሮጫው ዳር ወዳለው የኮንክሪት ግንብ ተንደረደረ። አንድ እግሯ ከመርገጫው አምልጦ አስፋልቱን ፋቀው። ከግንቡ አንድ ክንድ ሲቀራት ጋዙን ዘጋችው፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዶ ቀና አለና ቆመ።

ሜሪን እየሮጠች እንደነበር ያወቀችው ደርሳ መሪውን ስትይዝ ነው። የብሮኒ ቦት ጎኑ ተበልቶ ካልሲዋ ይታያል። ሄልሜቷን አውልቃ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን ደም የለውም።

ዴስ መነሻው ላይ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ዱካ ካየ በኋላ እያነከሰ መጣ።

«ከጥቁሩ ወጥተሽ ነው የተነሣሽው። ዓይንሽ የት ሄዶ ነበር?»

«ቸኩዬ ነው፣ ዴስ» አለች ብሮኒ። «ሜሪን አስተካክላኝ ነበር። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

ዴስ ሞተሩን ዙሪያውን ፈተሸ። ለብሮኒ ለዛሬ እንደሚበቃት ነገራት። ከዚያ እጁን ሜሪን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ነይ ውጪበት» አላት። ስትመኘው የኖረችው እጅ ድንጋይ ሆኖ ከበዳት።

ጎማውን አሙቃ ስትጠጋ ከፊቷ ቆማ የምትመራት ብሮኒ ነበረች፣ በተቀደደው ቦቷ። ብሮኒ ተንበርክካ ጉንጯ አስፋልቱን እስኪነካ ጎንበስ አለችና ጎማውን አየች። ተነሣች። ወደ ግራ ጥቂት፣ ደግሞ ጥቂት፣ ከዚያ ሁለት መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት። አልበቃትም፤ ተመልሳ ተንበርክካ አየች።

«መሐሉ ላይ ነሽ፣ ሜሪንዬ፤ ሁለቴ አይቼዋለሁ» አለቻት ጆሮዋ ሥር፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች። «ፍሪሲዮኑን ደግሞ በአራት ጣት አትነቂው። በሁለት ጣት ብቻ ያዢው። የእኔ ዘዴ እሱ ነው፣ ሌላ የለኝም።»

ሜሪን በሁለት ጣት ያዘችው። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሯ ለዘብ ብሎ ተገራላት። መነሻው ላይ መድረሷን የሚያሳዩት ትናንሾቹ መብራቶች በሩ። ቀጥሎ ቢጫው ነው።

ቁልፉን አዞረችው።

ሞተሩ ከሥሯ ጠፋ። በጎኗ ባለው መስመር መብራቱን የሚጠብቀው ተወዳዳሪ ዞሮ አያት። ዴስ ከአጥሩ ሥር አሁን ደግሞ ምን እንደሆነች ጠየቀና እያነከሰ ይመጣ ጀመር። ብሮኒ ቀደመችው።

«አይዞሽ፤ ጠፋብሽ?»

«አልጠፋብኝም» አለች ሜሪን። «አጠፋሁ።»

ብሮኒ በደንብ አልሰማቻትም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሄልሜቱ ላይ ለጠፈች፣ ሜሪንም የፊት መስታወቱን ወደ ላይ ገፋችው።