ይቅርታው ቀድሞ ደረሰ

በከተማው ሰው ከሰው ፊት ለፊት መነጋገር ከተወ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ቃል ሁሉ በመልእክት ይላካል፤ ወረፋው ሲደርስ በጆሮ ይሰማል። የወረፋውን ሥርዓት የነደፈችው መሐንዲስ ውዳላት ነበረች። ባለፈው ወር መልእክት በዝቶ ሲጨናነቅባት፣ ይፍጠን ብላ ቅደም ተከተል መጠበቁን አስቀረችው፤ ከዚያ ወዲህ ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።

ቁርስ ላይ የባሏ የመርዕድ ድምፅ ደረሳት፤ «ይቅር በይኝ፣ ተናድጄ ነው።» ምን እንዳጠፋ ባታውቅም «ይቅር ብያለሁ» ብላ ላከችለት።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ስታጥብ ጥፋቱ ራሱ መጣ፤ «ካንቺ ጋር መኖር ታከተኝ!»

እጇን አደራርቃ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ በሻከረ ድምፅ፣ በገዛ አፏ፣ «እኔም ታክቶኛል፣ መርዕድ» አለችው።

ወረፋ ሳይጠብቅ ወዲያው ሰማት። እጇን ያዘና አለቀሰ።