ቬራ የሳለችው ጥላ

ቬራ ከአደሌድ ከተማ የሥዕል ትምህርት ቤት ወደ በረሃው ሠፈሯ ስትመለስ ሻንጣዋን የዘይት ቀለም ሞልታው ነው የመጣችው። ሠፈርተኛው በሚስልበት የሥዕል ማዕከል ወለል ላይ ሸራ ዘረጋችና ከሟች አባቷ የወረሰችውን የዝናብ ታሪክ እንደ ወጉ በነጠብጣብ ጀመረች። ውሃውም መንገዱም ከሰማይ ቁልቁል እንደሚታይ ሆኖ ወጣ። ኮረብታው ላይ ስትደርስ ግን እጇ አላርፍ አለ። እንደ ነጮቹ አሳሳል ከፊት እንደሚታይ አቆመችውና ከጎኑ ረጅም ሰማያዊ ጥላ ጣለችበት።

የአባት ታሪክ ከማዕከሉ የሚወጣው በእናት በኩል የሚወለድ ጠባቂ አይቶ እሺ ሲል ነው። የዚህኛው ታሪክ ጠባቂ አክስት ደልሲ ናት፤ ሳቋ የሠፈሩን ውሾች የሚያስበረግግ፣ ወሬ የማያልቅባት ሴት።

አክስት ደልሲ መጣች፤ ጥላውን አየች፤ ዝም አለች።

በማግስቱም ምንጣፏን ወደ ሸራው አስጠግታ ተቀመጠች። ሌላ ቀን ደግሞ ጭራሽ ጥላው አጠገብ ጋደም አለች።

«ጉድሽ ፈላ!» አለቻት የቬራ የአጎት ልጅ ሜቪስ፣ የካንጋሮ ጭራ እየጋጠች። «ደልሲ ዝም ካለች ሰማዩ ሊወድቅ ነው።»

«ምን አደረግሁ? ጥላ ነው እኮ!»

«አያቶቻችን ጥላ ሲስሉ አይተሻል? በይ እነዚያ ያስተማሩሽ ፈረንጆች መጥተው ያስታርቁሽ!»

ቬራን እህል አልወርድ አላት። በወጋቸው የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፤ አባቷን ስሙን ጠርታ ይቅር በለኝ ልትለው እንኳ አትችልም። በአፏ የማትጠራውን ሰው በቀለም ያዋረደችው መሰላት።

ከዚያ ወሬው መጣ። አክስት ደልሲ ከየሠፈሩ አሮጊቶችን በቶዮታ እየሰበሰበች ነው።

«ሊፈርዱብሽ ነው፤» አለች ሜቪስ። አሁን አልሳቀችም። «ታሪኩን ከወሰዱብሽ ዳግመኛ አትስይውም።»

ቬራ ብሩሿን አነሳች። እያለቀሰች ጥላውን በነጭና በቀይ ነጠብጣብ ሸፈነችው፤ ኮረብታውንም መልሳ አስተኛችው። ሰማያዊ የሚባል አልቀረም።

አሮጊቶቹ ከቶዮታው እየተደጋገፉ ወረዱ፤ ደልሲ ከፊት ናት። ቬራ አንገቷን ደፋች።

«አጥፍቼ ነበር፣ አክስቴ። አሁን አስተካክዬዋለሁ።»

ደልሲ ሸራውን ዞራ ዞራ አየችው።

«ልጄ፣ ጥላው የታል? አባትሽ ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ሥር ይቀመጥበት የነበረው ጥላ እኮ ነው፤ እነዚህ እግራቸው እዚያ የማያደርሳቸው ሁሉ እንደ እኔ አንዴ ይረፉበት ብዬ ነው ያመጣኋቸው።»