የሳሎኑ አበባ

ሽማግሌ ሊመጣባት መሆኑ ለንጋት የተነገራት ቅዳሜ ነው። ማን እንደላካቸው ግን የነገራት የለም። ሴት ልጅ ስትታጭ መጨረሻ የምትሰማው ራሷ ናት።

ንጋት ደግሞ እጇን አጣጥፋ የምትጠብቅ ዓይነት አልነበረችም። ከሳሎኑ በአንድ የጭቃ ግድግዳ በሚለይ ክፍል ውስጥ ለላሊበላ ሆቴሎች በኮምፒውተር ደብዳቤ ትጽፋለች። ማይክሮፎኗን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ካለው የፕላስቲክ አበባ ውስጥ ሸሸገች። ሽቦውን በምንጣፉ ሥር አሳልፋ ከኮምፒውተሩ ሰካች፤ ሳሎን የተወራው ወዲያው በስፒከሩ እንዲወጣ አደረገች። ስትሞክረው ግን ድምፁን አብዝታው ኖሮ፣ ማይክሮፎኑ የስፒከሩን ድምፅ በግድግዳው በኩል መልሶ ሰማና ፉጨቱ ቤቱን ቀወጠው።

«ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አሉ አባቷ አቶ ጥሩሰው ከሳሎን።

«ሬዲዮ ነው፣ አባዬ።»

ፈጥና ድምፁን ቀነሰችው፤ ፉጨቱም ቆመ።

እሑድ ጧት አባቷ ከመኝታቸው ሳይነሱ «የደሳለ በቅሎ ዛሬ ታነክሳለች» አሉ። የጎረቤታቸው በቅሎ የምታልፈው ከአጥሩ ውጪ ነበር፤ የሰሙት ኮቴዋን ብቻ ነው። ንጋት ልብ አላለችም፤ ልቧ ወንዴ ዘንድ ነው። ወንዴ አስጎብኚ ነው፤ ሀብቱ አንድ ጃንጥላና ሁለት የፈረንጅ ቋንቋ። ስለ እሱ ለአባቷ ተንፍሳ አታውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ንጋት ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ከስፒከሩ ለጠፈች።

«ልጅዎን ለምስጋኑ ይስጡን ብለን ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ አድማሴ። ምስጋኑ የአንድ ባለሆቴል ልጅ ነው።

«ምስጋኑንማ አውቀዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ አባቷ። «ግን ጆሮዬ ደክሟል፤ እስቲ ጮክ ብላችሁ ከመጀመሪያው በሉኝ።»

ደግመው ሊሰሙት ያማራቸው መሰላት። ተነሣች፤ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሣች። አቶ አድማሴ እየጮኹ የልጁን ዘር፣ ሆቴሉን፣ መሬቱን ዘረዘሩ። ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ይሰማል፤ ያው ሳቅ ዘግየት ብሎ ከስፒከሩ ይወጣል። ሁለት ሁለት ጊዜ የሚሥቁባት መሰላት፤ ተናደደች።

ድንገት ከስፒከሩ ኳኳታ ወጣ። አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ሲጎተት ተሰማ። ማይክሮፎኑን አገኙት ብላ ደነገጠች።

«ይሄ አበባ መሀል ላይ ቢሆን ያምራል» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ከበፊቱ ይልቅ ጠራ። «ነገሩ ደግ ነው። እኔ በበኩሌ እንቢ የምልበት አፍ የለኝም።»

አለቀላት። እንባዋ መጣ። ነጠላዋን አነሣችና ወደ ወንዴ ልትሮጥ በሩን ከፈተች። ያኔ የአባቷ ድምፅ፣ አፋቸውን አበባው ውስጥ የከተቱ ያህል፣ ቀርቦ ከስፒከሩ ወጣ።

«ንጋት ልጄ፣ ሰምተሻል፤ እሺ ካልሽ ዝም በይ፣ እንቢ ካልሽ ያንን ሬዲዮሽን አስፏጪው።»