ሰባት ወንበር

በዚያ ዓመት የእንግሊዝና የአየርላንድ ሥነ ጽሑፍና ባህል ትምህርት ከመዘጋት ለጥቂት ተረፈ።

ደንቡ አጭር ነው። ክፍል ውስጥ ከሰባት ተማሪ በታች ከተገኘ ትምህርቱ ይታጠፋል። የዩኒቨርሲቲው ቢሮ በየወሩ ሳያስታውቅ ሰው ልኮ ያስቆጥራል።

ደንቡን ከሁሉ አብልጦ የፈራው ጫኙ ነው። ጫኙ የሚሉት ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ስለመጣ ነው። ሌላ የትምህርት ክፍል አልተቀበለውም። ይህ ከታጠፈ ወደ ጆንያው መመለሱ ነው።

ዞር ብሎ ቆጠረ። እሱ፣ አንዲት መነጽራም፣ ሁለት ኳስ ተጫዋቾች፣ እጅ ለእጅ የማይለቃቀቁ ጥንዶች። ስድስት። ከኋላ ደግሞ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

«እሳቸውን አትቁጠር» አለችው መነጽራሟ። «የቢሮው ሰው ናቸው።»

ጫኙ በነጋታው ጓደኛውን ጸጉር አስተካካዩን ለመነ።

«እዚያ ምን ልሠራ?»

«ተቀምጠህ ራስህን ነቅንቅ።»

«ጸጉር ቤቱስ?»

«በሁለት ሰዓት ውስጥ የማንም ጸጉር አያድግም።»

በሦስተኛው ሳምንት ጸጉር አስተካካዩ እጁን አወጣ። የሚነበበው ወንድሙ በመርከብ የተሰደደበት የአንድ አየርላንዳዊ ገበሬ ግጥም ነበር።

«መምህርት፣ ይሄ ሰው ወንድሙ ናፍቆት አይደለም የሚያለቅሰው። እርሻውን ለብቻው ጥሎበት ስለሄደ ነው።»

ክፍሉ አውካካ። መምህሯ «ልክ ነህ» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ሽማግሌውም ጻፉ።

«ጉዳችን ፈላ» አለ ጫኙ።

መምህሯ ሽማግሌውን አንድም ቀን ጥያቄ ጠይቃቸው አታውቅም። ፈርታቸው ነው ተባለ። አንዴ ሻርፗን ረስታ ስትወጣ እየሮጡ አደረሱላት።

«ይከታተሏታል፣ ምስኪን» አለች መነጽራሟ።

ቆጠራው ሁሉ በሰላም አለፈ። የፈተናው ቀን መምህሯ ወረቀቷን ይዛ ገባች።

«ያልተመዘገበ ይውጣልኝ።»

ጸጉር አስተካካዩ እያዘነ ተነሣ። መነጽራሟም ተነሣች።

«እኔ የመጣሁት በእህቴ ፈንታ ነው። ወልዳ ተኝታለች፤ ትምህርቱንም ትታዋለች።»

ኳስ ተጫዋቾቹም የተመዘገበው ጓደኛቸው በእሱ ቦታ እንዲቀመጡ አደራ ብሏቸው ወደ ሌላ የትምህርት ክፍል እንደተዛወረ ተናግረው ወጡ። ጥንዶቹ አፈሩ።

«እኛ እንኳ የምንቀመጥበት ቦታ አጥተን ነው።»

በመጨረሻ ሽማግሌው ደብተራቸውን አጥፈው ከረባታቸውን አላሉ።

«እንግዲህ እኔም ልሂድ ልጄ። እናትሽ ለምሳ እንዳትዘገዪ ብላለች።»

«እሺ አባዬ» አለች መምህሯ።

ክፍሉ ውስጥ እሷና ጫኙ ብቻ ቀሩ።